አውጥቶ መናገርን አስተምረው የተናገረችውን ለሚከሱ ኃላፊ

ለተከበሩ የሾላ ገበያ ንዑስ ወረዳ የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጥር ወር ለተሰጠን ሥልጠና ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ በፊት ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጉርዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤት ልጁ፣ ከብቱ፣ የተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር እንዴት ከረመ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለመጻፍ ያህል ደህና ነኝ። እመቤቴ ጤናዎን ትጠብቅልዎ፤ በተለይም ጆሮዎን፤ ከአካልዎ ሁሉ ሥራ ሳይበዛበት የኖረ እሱ ነውና ገና ብዙ ዘመን እንደ አዲስ እንደሚያገለግልዎ አልጠራጠርም።

ስሜ ቢያድግልኝ ይመር ነው። ከመካነ ሰላም የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ፣ ከሾላ ገበያ በላይ ባለው ተረተር ላይ የማርስ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁ፣ ልጆቼን ድሬ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ንግሥቴ ካረፈች በመጪው ሰሙነ ሕማማት ሁለት ዓመት ይሞላታል። ክቡርነትዎ ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ በስብሰባ ሁሉ ከበሩ አጠገብ የምቀመጥ፣ ሰው ሲያጨበጭብ የማጨበጭብ፣ «ተቃውሞ ያለው?» ሲባል ጫማዬን የማይ ሰው ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም፤ የአገሩ ሰው እህሉ ተራ እስኪደርሰው ድረስ የሚያነበው ነገር ስለሌለው ነው።

በጥር ወር አጋማሽ፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ፣ «ድምፅን የማሰማት አቅም ግንባታ» በሚል ስም ለሦስት ቀን ስለ ሰጡን ሥልጠና ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከደሴ ያስመጡልን አሠልጣኝ ሰርካለም ጨዋ ልጅ ናት፤ በእርሷ ላይ የምጽፈው አንዳች ቅሬታ የለኝም። ትልቁን ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ እንግሊዞች በደል የደረሰበት ሰው አውጥቶ ሲናገር የሚጠሩባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ጻፈችልን፤ ትርጉማቸውንም፣ ከየት እንደ መጡም አስረዳችን። እኔ የእንግሊዝ ቃል አባትና አያት ያለው አይመስለኝም ነበር። ለካ እነሱም እንደ ሙሽራ ከሌላ ቤት የመጡ ኖረዋል፤ አብዛኞቹም ላቲን ከሚባል፣ ዛሬ እናት ለልጇ ከማትናገረው ቋንቋ ነው የተወለዱት፤ እንደኛ ግእዝ ማለት ነው።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ። «ኮምፕሌይን» ዛሬ ቅሬታ ማሰማት ነው፤ ከሥሩ ግን ደረት መምታት ነበር፣ ሐዘንተኛ ደረቱን እንደሚደቃው። «ፕሮቴስት» ዛሬ መቃወም ይባላል፤ በጥንቱ በሰው ፊት ቆሞ መመስከር ነበር። «አድቮኬት» የተጠራ ሰው ነው፤ የተጨነቀው ድረስልኝ ሲል ከጎኑ ሊቆም የመጣ። «ኦብጀክት» በሚሄድ ነገር ፊት አንድ ነገር ወርውሮ መጋረድ ነው። «ግሪቫንስ» የከበደ፣ ሸክም። «ስፒክ አውት» የሚለውን ልጅቱ «አውጥቶ መናገር» ብላ ስትፈታልን፣ ከኋላ የተቀመጠው ጎረቤቴ አያ አሕመድኑር፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ይቺስ የኛው ናት፤ አባቶቻችን አውጫጭኝ ሲቀመጡ እንግሊዝ ገና አፉን አልፈታም» ብሎ አዳራሹን አሳቀው።

ልጅቱ አውጫጭኝን አታውቀውም ነበርና አያ አሕመድኑር አስረዳት፤ ምናልባት ክቡርነትዎም በዚያች ሰዓት ስልክ ይዘው ውጭ ስለ ነበሩ እደግምልዎታለሁ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል የአገሩ ሰው ሁሉ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ያየውን የሰማውን እየማለ ያወጣል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በሰው ፊት መናገር የፈራም ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ እሱ «ወፍ» ይባላል፤ ስሙ አይነሳም፤ ወፍ ነገረን ይባላል እንጂ። አባቴ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፤ ሁለት ጊዜም በሬው ተገኝቷል።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ግሪቫንስ ነው፤ ልጅቱ እንዳለችው ሸክም ነውና፣ ለአያያዝ እንዲመችዎ በተራ ቁጥር አስሬዋለሁ።

1ኛ. በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ክቡርነትዎ ራስዎ መጥተው፣ የተማርነውን በተግባር እንድንለማመድ፣ ማንም ሳይፈራ በልቡ ያለውን እንዲያወጣ፣ ለተናገረ ሰውም ቢሮዎ ጋሻ እንደሚሆነው ነገሩን። አንድ ሰው ተነስቶ ወጡ ጨው እንዳነሰው ተናገረ፤ ያም እንደ ድፍረት ተቆጥሮለት ተጨበጨበለት። ቀጥሎ በዛች ተነሳች።

በዛች ከእኔ ቤት በታች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከሟች ባለቤቴ ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጡ፣ እንደ እኅት የኖሩ ናቸው። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሐረግ የምትባል፤ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ በፋሲካ ሰሞን ትወልዳለች ተብላለች። በዛች ነጠላዋን አስተካክላ የተናገረችውን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤ በእርስዎ መዝገብ ላይ እንደሌለ አውቃለሁና። «ከሁለት ዓመት በፊት አምቡላንሳችን በሽተኛ ጥሎ በግና ጆንያ ሲጭን ታይቷል። ልጄ በፋሲካ ትወልዳለች። መኪናው ያን ጊዜ ለሰው ይሁን ነው የምለው፤ ሌላ የለኝም» አለችና ተቀመጠች።

ክቡርነትዎ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ። የሥልጠናው ፍሬ ይህ ነው አሉ። ከዚያም ጸሐፊዎን ጠርተው ስሟን እስከ አያቷ አስጻፉ፤ «በዛች» በ«ዛ» ነው ወይስ በ«ዣ» ብለው ሳይቀር አስጠየቁ። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርሁና ወረቀቱን አየሁት። ስሟ ተጽፏል፣ ጎጧ ተጽፏል፣ የስልኳ ቁጥር ተጽፏል፤ አምቡላንስ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መመዝገብ ከየትኛው ቋንቋ እንደ መጣ ልጅቱ አላስተማረችንም፤ በሚቀጥለው ሥልጠና ቢካተት ደስ ይለኛል።

2ኛ. የሀሳብ መስጫ ሳጥን ስላሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ይህ ደብዳቤም በደንቡ መሠረት እዚያ መግባት ነበረበት፤ ተጣጥፎ በኪሴም ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቷል። ነገር ግን ሳጥኑ የተሰቀለው ከወንበርዎ በላይ፣ ልክ ከራስዎ አናት በስተኋላ ስለ ሆነ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ክቡርነትዎን «ይቅርታ፣ ትንሽ ጎንበስ ይበሉልኝ» ማለት ይኖርበታል። ድሮ ወፉ ለሽማግሌ ሹክ ይል ነበር፤ ዛሬ ወፉ በአዳኙ ትከሻ ላይ አርፎ እንዲዘምር ነው የተፈለገው። ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለት ጊዜም ስለ ማዳበሪያ ጠይቄ ተመለስሁ።

3ኛ. ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት በኋላ በነበረው ሳምንት የጎጡን ሰው ሁሉ ከሾላው ሥር ሰበሰቡን። አጀንዳው «የንዑስ ወረዳውን ገጽታ ስላጠለሸ ንግግር» የሚል ነበር። በዛች በዓይኗ እንዳላየች ራሷ አምናለች፤ እንግዲያስ የነገራት ሰው አለ፤ ያ ሰው ሳይወጣ ስብሰባው አይበተንም አሉ። የአባቶቻችንን ሥርዓት እንዲህ አክብረው ስላስነሱልን እግዜር ያክብርዎ። ከጠዋት እስከ ከብት መመለሻ ቁጭ አልን። ላሙን ያላለበ፣ ሕፃን ቤት የተወ፣ የታመመ ያለው፣ ሁሉም ቁጭ አለ። ጸሐፊዎ ደብተሩን ይዞ ሰውን በየተራ «አንተ ነህ የነገርሃት?» እያለ ዞረ፤ ሁሉም በታቦትም በቁርኣንም እየማለ አለመሆኑን ተናገረ።

አያ አሕመድኑር ተራው ሲደርስ በምርኩዙ ተነሳና፣ «ክቡር ኃላፊ፣ ድሮ በሬ ሲሰረቅ አውጫጭኝ የምንቀመጥ ሌባውን ለማውጣት ነበር፤ በሬ ተሰረቀ ያለውን ለማውጣት ስንቀመጥ ይኸ የመጀመሪያችን ነው፤ ኸይር ያርገው» አለ። የሳቀ የለም። የእሱም ስም ተጻፈ።

በዛችን ለመጨረሻ ጊዜ ማን ነገረሽ ብለው ጠየቋት። ሰዉን ሁሉ ስታይ ቆይታ እኔ ወዳለሁበት ልትደርስ ስትል ዓይኗን ቀና አድርጋ ወደ ሾላው ቅርንጫፍ አየች። «የነገረኝ ሰው አፍ አለው፤ ሲሻው ይናገራል። እኔ የሰው አደራ በእናንተ ስብሰባ አልበላም» አለች።

በማግሥቱ ማኅተም የተደረገበት ወረቀት ደረሳት። የተናገረችው ከእውነት የራቀ፣ የመንግሥትን ንብረት ስም ያጠፋ መሆኑን አምና ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ እስከ መጪው ቅዳሜም በአውራ ጣቷ እንድትፈርም፣ አለዚያ በስም ማጥፋት እንደምትከሰስ ይላል። ወረቀቱን ያነበብሁላት እኔ ነኝ። አምቡላንስ ስሙ ሲጠፋ የሚያዝን፣ ክብሩ ሲነካ ፍርድ ቤት የሚቆምለት ፍጡር መሆኑን ሳላውቅ መኖሬን ይቅር ይበሉኝ። በዛች ሰምታ ስትጨርስ ስለ ክሱ አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ስለ ሐረግ ነው፤ በፋሲካ እሷ እስር ቤት ብትሆን ልጇን ማን እንደሚይዝላት ነው። እኔም ቢያድግልኝ፣ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁት፣ ደብተሬ ሙሉ የእንግሊዝ ቃል ያለኝ፣ «እግዜር ያውቃል» ብያት ወደ ቤቴ ወጣሁ።

4ኛ. አራተኛው ቅሬታ በክቡርነትዎ ላይ አይደለም። በእኔ ላይ ነው። ቅሬታ ሰሚ እርስዎ ስለ ሆኑ ግን እርስዎ መስማት አለብዎት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የሕማማት ረቡዕ ጠዋት፣ ንግሥቴን ሆዷን ይዟት ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። የጤና ኬላዋ ልጅ አምቡላንስ እንዲመጣ ደወለችልን፤ ሌላ በሽተኛ ሊያመጣ ወጥቷል ተባለ። እኛም ሌላውም ሰው ነው ብለን ተቀበልን። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አበጀን። አያ አሕመድኑርም ሊሄድ ከተነሳበት ሩቅ ገበያ ቀርቶ ትከሻውን ሰጠ። ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን ዋና መንገድ ልንይዝ ቁልቋል ካለበት መታጠፊያ ስንደርስ፣ ከፊት ለፊታችን አምቡላንሱ መጣ። እኛን ሲያይ ጥሩምባውን ነፋ፤ እንድናሳልፈው ማለቱ ነው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው በታች በኩል ወደ ቦዩ ወረዱ፤ አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ነበር የሚያዩት። እኔ በላይ በኩል ባለው ዳገት ላይ ቆምሁ። መስኮቱ በዓይኔ ትክክል አለፈ።

ያየሁትን እናገራለሁ። ያላየሁትን አልጨምርም፤ የምምለው በንግሥቴ ነፍስ ነውና። በሽተኛ አልነበረበትም። የበሽተኛው አልጋ ላይ አፋቸው በቀይ ገመድ የታሰረ ሦስት ጆንያ ነበር። ከአልጋው ሥር ሁለት ሙክት በግ ቆመዋል፤ አንደኛው አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየኝ። የማን ናቸው ቢሉኝ አላውቅም። ማን አስጫናቸው ቢሉኝ አላውቅም። አየሁ፤ ይኸው ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ኮፍያዬን አነሳሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ክቡርነትዎ ክርስቲያን ከሆኑ ያውቁታል፤ ካልሆኑም አያ አሕመድኑርን ይጠይቁት፣ አብሮን ስለኖረ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በሰሙነ ሕማማት እኛ ሰላምታ አንለዋወጥም። ልጅ አባቱን አይስምም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እጁን አይጨብጥም። የይሁዳን ሰላምታ እያሰብን ዝም እንላለን። ያን ሳምንት ለወንድሜ ያልሰጠሁትን ሰላምታ ለመኪና ሰጠሁ። ቃሬዛ ላይ ሚስቴን አስተኝቼ፣ ስለ ገፋኝ አመሰገንሁት።

ንግሥቴ ከነጠላው ሥር ማን እንዳለፈ ጠየቀችኝ። መኪና ነው አልኋት። «ለኛ ነው የመጣው?» አለች። አይ፣ ለሌላ በሽተኛ ነው አልኋት። «እግዜር ያድርሰው» አለች።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ አልፋ ነበር። አምቡላንሱ ቢመጣ ትድን ነበር አልልም፤ ያንን የሚያውቅ አንድ ነው። ነገር ግን የመጨረሻ ምርቃቷን ለሁለት በግ እንድትሰጥ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሹፌሩ አይደለም፤ እርስዎም አይደሉም።

በሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። በሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል። ስለዚህ ለንግሥቴ ፍትሐት የተደረገላት በሕይወት እያለች፣ ዘንባባውን በጣቷ አስራ ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ «አሜን» እያለች ነው። በማግሥቱ ሐሙስ ያለ ዜማ ቀበርናት። እኔም ደረቴን አልመታሁም። ሰዎቹ ጽኑ ሰው ነው አሉኝ። «ኮምፕሌይን» ደረት መምታት ነው ብላ ልጅቱ ስትነግረን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ከደረቴ ላይ የያዘው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ራሴን የጠየቅሁት።

እምነት ነው እያልሁ ኖሬ ነበር። የእግዜር ፈቃድ ነው፣ አንድ ጊዜ ሆኗል፣ ነገር ቢበዛ ሙት አይመልስም። ክቡርነትዎ፣ በአምላክ ስም ከሰው መሸሸግ የሚመች ነገር ነው፤ ማንም ከዚያ ውስጥ ጎትቶ አያወጣዎትም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ በሹፌሩ ላይ ቂም እንደያዝሁ ተናዘዝሁ። ሰሙኝና፣ «ለእግዚአብሔር ነግረኸዋል፤ እሱ ቀድሞም ያውቀዋል። የማያውቁት ሰዎች ናቸው» አሉኝ። ቀኖናዬን ጾም ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሌላ አልጨመሩም። የገባኝ ግን አሁን ነው።

ለሰው የነገርሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሙት ዓመቷ በዛች ስትረዳኝ ውላ፣ ሰዉ ሲሄድ አመዱ ዳር ተቀምጠን ሁሉን ነገርኋት። ከነገርኋት በኋላም ደነገጥሁና ስሜን እንዳታነሳ በአደራ አሰርኋት። እርሷ ነገሩን አወጣችው፤ አደራዬን ግን እስከ ዛሬ በጉያዋ ይዛ ትሰቃያለች። ከሾላው ሥር የጸሐፊዎ ደብተር እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እንደማለው አልማልሁም፤ እግዜርን ፈርቼ። እውነቱንም አልተናገርሁም፤ ክቡርነትዎን ፈርቼ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አልሁ። በጥያቄ መልስ ሰጥቼ ያመለጥሁ መሰለኝ። ቀትር ስለ ነበር ዶሮ አልጮኸም፤ ያ ብቻ ነው ከጴጥሮስ የለየኝ።

በሥልጠናው በሁለተኛው ቀን፣ በሻይ ዕረፍት፣ ልጅቱን ለብቻዋ አግኝቼ «አምቡላንስስ ከየት የመጣ ቃል ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። የመናገር ቃል ባይሆንም ስልኳን ከፍታ አየችልኝ። ከመራመድ የመጣ ነው፤ በጥንት ጊዜ ጦር ሜዳ ድረስ የሚራመድ ሆስፒታል ለማለት ነበር አለችኝ። እንግዲያስ ያን ረቡዕ በቁልቋሉ መታጠፊያ ሁለት አምቡላንስ ተገናኝተዋል፤ እውነተኛው ወደ ቦዩ ወርዶ ሌላውን አሳልፏል።

ክቡርነትዎ፣ የሚፈልጉት ሰው ወጥቷል፤ አውጫጭኙን መበተን ይችላሉ። በዛች ያልዋሸች፣ ያልፈጠረች፣ የሰማችውን ከሰማችበት ሰው ይልቅ በድፍረት የተናገረች ሴት ናት። ያሰርሁባትን አደራ በዚህ ደብዳቤ አንስቻለሁ። መጪው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ አብሬያት እመጣለሁ፤ የሚጠየቅ ካለ ያየሁት እኔ ነኝ። እኔን በምን እንደሚከሱኝ እንዲያስቡበት ጊዜ እንዲያገኙ ነው ደብዳቤውን ቀደም አድርጌ የለጠፍሁት።

የምለምነው ጥቂት ነው። የበዛች ወረቀት ይቀደድ። የተናገረችው ነገር ስሟ በተጻፈበት መዝገብ ላይ ከስሟ አጠገብ ይጻፍ። ዘንድሮ ከሆሳዕና እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አምቡላንሱ በየቀኑ ወዴት እንደሚሄድ በዚሁ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ምስማሩን እኔ እችላለሁ። ለበጎችም መጓጓዣ ያስፈልጋል ከተባለ እኛ ገበሬዎች እንነዳቸዋለን፤ በእግራቸው መሄድ ይችላሉ፤ ከባለቤቴ ይልቅ ጤነኞች ነበሩ።

በሥልጠናው መጨረሻ የሰጡንን የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርጌ ከንግሥቴ ፎቶ ጎን ሰቅዬዋለሁ። አምሮበታል። ቅዳሜ አውርጄ ይዤው እመጣለሁ፤ ወረቀቱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና፣ ምስክሩን ደግሞ እኔ አመጣለሁ።

በመጨረሻም የነገሩን ርዝመት በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ያነበበልዎን ሰው ሁለት ጊዜ እንዲደግምልዎ ስለሚያዝዙ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ሳጥንዎ ባዶ እንዳይሆንብዎ፣ በመንገድ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ኮፍያውን ከማንሳቱ በፊት በመስኮትዎ በኩል እንዲያይ እየጸለይሁ፣

እስከ ዛሬ ድረስ ከመንገድ ወርጄ ሳሳልፍዎ የኖርሁት፣
አክባሪዎ
ቢያድግልኝ ይመር
(ስሜ በ«ያ» ነው፤ ጸሐፊዎ እንዳይቸገር።)

መጋቢት 3 ቀን፣ ሾላ ገበያ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለአያ አሕመድኑር፣ ያን ቀን በታች በኩል ስለነበረ ላላየው
ለበዛች፣ ባታነብም ለምታውቀው

ማስታወሻ፦ ሐረግ ቀኗ ከሕማማት ጋር እንዳይገጥም እየጸለይን ነው፤ ቢገጥምም ቃሬዛው ካለፈው ጊዜ የተሻለ ሆኖ ተሠርቷል፤ ተሸካሚዎቹም አሥራ ሁለት ናቸው። ምናልባት በቁልቋሉ መታጠፊያ ከአምቡላንስዎ ጋር ብንገናኝ፣ ሹፌሩ በጥሩምባው እንዳይደክም አስቀድመው ይንገሩልኝ። «ኦብጀክት» ማለት በሚሄድ ነገር ፊት መጋረድ እንደሆነ ተምረናል፤ ዘንድሮ ከመንገድ አንወርድም።